ጥጥ የመረጠልኝ ብሎን

ልጆቼ፣ ጎረቤቴ አማረች ደጄ ካለው የጥድ አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጥ ተወች። የአግዳሚው ብሎን ዝጎ፣ ዝናብ ሲመታው ጥቁር ውሃ እያለቀሰ፣ የኦቾሎ አገር ሸማኔ የሠራላትን ነጭ ነጠላ አበላሸባታ! «ነጠላዬን ከማስበላ ከሩቁ ሰላም ብልሽ ይሻለኛል» አለችኝ። እኔ ደግሞ ያለሷ ጨዋታ ቀኑ አይመሽልኝም።

ብረታ ብረት ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ቢጫውን ብሎን አንስቶ «እማማ፣ ወርቅ የመሰለ!» አለኝ። «ወርቅማ ለጣቴ፤ እኔ የማያለቅስ ነው የምፈልገው» ብዬ ከየዓይነቱ አንዳንድ ወሰድኩ። ማንበብ አልችልም፣ ጥጥ ግን አውቃለሁ። እያንዳንዱን በጨው ውሃ በራሰ ጥጥ ጠቅልዬ አቆየሁት። ስፈታው ያ ወርቅ የመሰለው ጥጡን ቡና አስመስሎታል! አንዱ ነጭ ብሎን ብቻ ጥጤን እንደነበረ መለሰልኝ። ልጄ አሮጌዎቹን ሁሉ ነቅሎ በእሱ ዓይነት ቀየረልኝ።

ዝናቡ ደህና አድርጎ እስኪጥል ጠበቅኩ። ከዚያ ነጭ ነጠላዬን ለብሼ እርጥቡ አግዳሚ ላይ ተደገፍኩ፤ ብድግ ብዬም ጀርባዬን ለአማረች አዞርኩላት። «እስቲ እዪኝ!» ከደጇ መጥታ ነጠላዬን ገልበጥ፣ ዘርጋ አድርጋ መረመረችኝ። ከዚያ መልሼ ስቀመጥ በክርኗ ገፋ አድርጋኝ «በይ ጠጋ በይ፤ ያልነገርኩሽ ወሬ ሆዴን ሊያፈነዳው ነው» አለችኝ።