የጀልባው ምስክር

ከፋሲሎ ሰፈር ወደ ሐይቁ ዳር በሚሄደው ታክሲ ከፊቴ አንዲት ወጣት ሴትና አንድ አረጋዊ ቄስ ተቀምጠው ነበር።

«አባ፣ ውሸት ልመሰክር እየሄድሁ ነው» አለቻቸው።

«በማን ላይ ልጄ?»

«የወንድሜ ጀልባ ተሰብሮ ተገኘ። እሱ ጎረቤታችን ይማም ነው የሰበረው ብሎ ከሰሰ። ዛሬ ሽማግሌዎች ሊሰሙን ተቀምጠዋል። እኔን ‹ሲሰብረው አይቻለሁ በይልኝ› ብሎኛል።»

«አይተሻል?»

«እኔ ያየሁት ነፋሱ ከድንጋይ ጋር ሲያላትመው ነው።»

«ወንድምሽ ይኸን ያውቃል?»

«ነግሬዋለሁ። ግን ከይማም ጋር የቆየ ቂም አላቸው። ደግሞ ‹ሙስሊም ነው፣ ምንሽ ነው?› ይለኛል።»

«ጎረቤትሽ ነዋ። በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር ሲባል እሱም አለበት። ወንድም ከለመነሽ ትእዛዙ ይቀራል አልተባለም።»

«እውነቱን ብናገር ወንድሜን በሰው ፊት ማዋረዴ ነው፣ አባ።»

«እንግዲያው አንቺ ሳትደርሺ እሱ ራሱ ይናገር። ደውይለት።»

ትንሽ አመነታችና ደወለች።

«ጋሼ፣ እየመጣሁ ነው። ያላየሁትን ግን አልናገርም። ሽማግሌዎቹ እኔን ሳይጠይቁኝ አንተው ክሱን አንሳ።»

ከዚያ የሚላትን አዳመጠች። ስልኩን ዘግታ ወደ ቄሱ ዞረች።

«ምን አለሽ?»

«መጀመሪያ ተቆጣኝ። ኋላ ግን ‹ነይ፣ እስክትደርሺ ይማምን ይቅርታ ጠይቄ እጠብቅሻለሁ› አለኝ።»

እኔም ከኋላቸው ሆኜ ያን የማላውቀውን ወንድሟን በልቤ መረቅሁት።