ከወንድሜ ጋር ስለተለዋወጥነው ዕድሜ

የምስክሩ ስም፦ ከሊድ የሱፍ
ዕድሜ፦ በመታወቂያው 67፤ ራሱ እንደሚለው 60
አድራሻ፦ ኮምቦልቻ ከተማ
ሥራ፦ ጡረተኛ፣ ቀድሞ የፋብሪካ ጥበቃ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20

ሟች ሳዲቅ የሱፍ የእናቴና የአባቴ ልጅ፣ በሰባት ዓመት ታላቄ ነው። ግንቦት 12 ቀን ከረፋዱ 5፡00 ገደማ ቤቴ ተቀምጬ ሳለሁ ባለቤቱ ራቢያ እየሮጠች መጥታ፣ በሚሠራበት ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ የጥጥ እስር ተንዶበታል አለችኝ። በባጃጅ ሄድን። ስንደርስ ከእስሩ ሥር አውጥተው አስተኝተውታል፤ ትንፋሽ አልነበረውም። ሐኪም ካየው በኋላ በማግስቱ ቀበርነው። እኔ እስካሁን አላመንኩም።

የ67 ዓመት ሰው ጭነት ላይ ምን ይሠራ ነበር ተብዬ ለተጠየቅሁት፣ ነገሩን ያደረግነው ሁለታችን ነን። በ1985 ዓ.ም. ከደጋን ሥራ ፍለጋ ስንመጣ ፋብሪካው ለጭነት ከሠላሳ ዓመት በታች፣ ለጥበቃ ከሠላሳ በላይ የሆነ ሰው ይቀጥር ነበር። እኔ 28 ዓመቴ ነው፤ አስም ስላለብኝ ጭነት አልችልም። እሱ 35 ነው። የልደት ወረቀት ስላልነበረን የሚጻፈው በአፋችን የነገርነው ነው። ሰልፍ ላይ ቆመን "አብሽር፣ የኔን ዕድሜ አንተ ውሰድ፣ ያንተን እኔ እይዛለሁ" አለኝ። እኔ 35፣ እሱ 28 ተብለን ተመዘገብን። ስንወጣ "በል እንግዲህ ታላቅ አንተ ነህ፣ ምሳ ጋብዘኝ" ብሎ ሳቀብኝ። ያኔ ስለ ጡረታ ማን አስቦ።

ጡረታ የሚወሰነው ግን መጀመሪያ ሲቀጠሩ ባስመዘገቡት ዕድሜ ነው። በ2010 ዓ.ም. እኔ በ53 ዓመቴ ስድሳ ሞላህ ተብዬ ወጣሁ፤ እሱ በ60 ዓመቱ ገና 53 ነህ ተብሎ ጭነት ላይ ቀረ። ታናሽ እቤቱ ተቀምጦ ታላቅ ይሸከማል። ሰፈሩ ሲቀልድብን አንገቴን ደፍቼ አልፍ ነበር።

አምና ጥር ላይ ወገቡን ስላመመው፣ ደሴ ጡረታ ቢሮ ሄደን እውነቱን እንናገር አልኩት። ማመልከቻ አስጻፈ። ቢሮው ደጃፍ ስንደርስ "አንተ ፒያሳ ሻይ እየጠጣህ ጠብቀኝ" ብሎ ብቻውን ገባ። ሲመለስ "የተጻፈ ዕድሜ አይነካም አሉኝ" አለ። አመንኩት። በሚኒባስ ስንመለስም እስከ ኮምቦልቻ ሲያጫውተኝ ነበር።

ዛሬ መርማሪው ከሟች ኮት ኪስ የተገኘ ነው ብለው ያንኑ ማመልከቻ አሳዩኝ። ንባብ ስለማይሆንልኝ ጀርባውን አነበቡልኝ። ጉዳዩ በፍርድ ቤት ከተጣራ የእኔም መዝገብ ተከፍቶ ጡረታዬ እንደሚቋረጥ የቢሮው ሠራተኛ እንደነገሩት፣ እሱም "የወንድሜ እንጀራ ከሚቋረጥ የኔ ይቅር፣ ማመልከቻዬን አንስቻለሁ" ብሎ መፈረሙ ተጽፏል። ወላሂ አላውቅም ነበር። ድገሙልኝ ብዬ ደገሙልኝ። ወንድሜ በተመዘገበው ዕድሜ ስድሳ ሞልቶት በጡረታ ሊወጣ ሰባት ሳምንት ነበር የቀረው።

ይህ ቃል ጡረታዬን ሊያስቋርጥብኝ እንደሚችል መርማሪው ነግረውኝ፣ "አስበውበት ነገ ይመለሱ" ብለውኛል። ነገ አልፈልግም። ወንድሜ የሞተው በ67 ዓመቱ ነው፤ 60 ዓመቴ የሆንኩት እኔ ነኝ። የተናገርኩት ሳይጨመር ሳይቀነስ መጻፉን ተነቦልኝ ሰምቼ፣ ማንም ሳያስገድደኝ አሻራዬን አኑሬአለሁ።

የምስክሩ የግራ አውራ ጣት አሻራ፦ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ዋና ሳጅን አግማስ ቀለሙ፣ ፊርማ ____________