ከጉብታው ጀርባ ያልተሰማው ራዲዮ

ሃሌት ሚልስ በምትባለው ትንሿ የዩኒቨርሲቲ ከተማችን ሠላሳ አንድ ዓመት ታሪክ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በራዲዮ ጣቢያው የድሮ የቫዮሊን ሸክላዎች አጫውታለሁ። ጣቢያው በተማሪዎች መኖሪያ ሕንፃ ምድር ቤት ያሉ ሁለት ጠባብ ክፍሎች ናቸው። ስሙ የዩኒቨርሲቲውና የሕዝቡ ራዲዮ ይባል እንጂ፣ በዚያን ጊዜ ሕዝብ የተባልነው እኔና አንዲት ጡረተኛ ነርስ ብቻ ነበርን።

ነገሩ የተጀመረው በሚያዝያ ወር፣ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሁሉ ጭቃ በሆነበት አንድ ማክሰኞ፣ ፖስታ ቤት ውስጥ ነው። ተራ ይዤ ስቆም ከፊቴ ያለው ሰው ደልበርት ትሪትስ ሆኖ አገኘሁት። ደልበርት ከከተማው በስተ ምሥራቅ ባለው ጉብታ ላይ ከብት የሚያረባ፣ ድርቆሽ የሚያጭድ፣ ሰባ አንድ ዓመት የሞላው ገበሬ ነው። ሚስት አላገባም፤ ባሏ ከሞተባት በኋላ ወደ አባቷ ቤት ከተመለሰችው ታላቅ እህቱ ከቬልዳ ጋር ይኖራል። ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ያ ቃል «አይሆንም» የሚል ነው።

ስለ ጭቃው ስናወራ ኖኤላ ኮርሚዬ አንድ ማስታወቂያ ልትለጥፍ ገባች። ኖኤላ የባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ተማሪና የጣቢያው ኃላፊ ናት። አባቷ ፈረንሳይኛ ከሚነገርባቸው የባሕር ዳር መንደሮች በአንዱ ዓሣ አጥማጅ ነው። እኔም ምንም ሳላስብ አስተዋወቅኋቸው። ለካ ልጅቷ ስትፈልገው የከረመችው ሰው እሱ ኖሯል።

«ጋሽ ደልበርት፣ ሁለት ደብዳቤ ጽፌልዎት ነበር» አለችው በትሕትና።

«ደርሶኛል። ምድጃ ለኮስኩበት። ደረቅ ወረቀት ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

የፖስታ ቤቷ ሠራተኛ ሳቀች። ኖኤላም አብራት ሳቀች።

«እንግዲያው ሦስተኛውን በወፍራም ወረቀት እጽፈዋለሁ» አለች።

ከዚያም ጉዳይዋን አስረዳችው። የጣቢያው አንቴና በዩኒቨርሲቲው ጣሪያ ላይ ስለቆመ ድምፁ ከጉብታው ጋር ተጋጭቶ ይቀራል። ከጉብታው ጀርባ ያሉት መቶ አርባ ቤቶች አንድ ቃል አይሰሙም። ከእርሱ ሜዳ አናት ላይ አንድ ጥግ ቢፈቅድላቸው ግን፣ ከዚያ እስከ ባሕሩ ዳር ያለው ሰው ሁሉ ይሰማል።

ደልበርት ጨርሳ እስክትናገር ታገሣት። «ልጄ፣ የናንተን ራዲዮ አንድ ቀን ከተማ ስወርድ መኪናዬ ውስጥ ሰምቼዋለሁ። እንቅልፍ የተጫነው አንድ ልጅ ስለ ፊልም አወራለሁ ብሎ ‹እ… እ…› ሲል ሩብ ሰዓት ሞላው። ከዚያ የሚሳደብ ዘፈን መጣ። ይኼንን ነው ለቬልዳ የማሰማት?»

«እውነትዎን ነው፤ የሚያንቀላፋ ልጅ አለን። እሱን ማስተካከል የኔ ፈንታ ነው። ግን የመንገዱን ወሬ፣ የጎርፉን ወሬ፣ የትምህርት ቤቱን ወሬ ማን ይነግራችኋል?»

«ወሬ እዚሁ ፖስታ ቤት አለ። አምሳ ዓመት እዚህ ቆሜ ያመለጠኝ የለም። ደግሞ ዛሬ ሁሉም ሰው ስልክ አለው። እናንተው ራሳችሁ ከስልካችሁ ቀና አትሉም። ለሞተ ነገር ሜዳዬን አላስቆፍርም።»

«እርስዎስ ስልክ አለዎት?»

«ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አለኝ። ሲጮህ አነሳዋለሁ፤ ካልጮኸ አርፋለሁ።»

ቴምብሩን ገዝቶ ወጣ። ልጅቷን ላጽናናት ብዬ ዞር ስል ማስታወቂያዋን በጥንቃቄ እየለጠፈች ነበር። መጽናናትም የፈለገች አልመሰለኝም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ፕሮግራሞቻችን የተናገረው እውነት ነው ወይ አለችኝ። እኔም ከመምህርነቴ የቀረልኝ አንድ ልማድ እውነቱን መናገር ነውና፣ እውነት ነው አልኳት። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ማንም ተማሪ የሚለውን በወረቀት ሳይጽፍ ማይክሮፎን ፊት እንዳይቀመጥ አደረገች። የሚያንቀላፋውን ልጅ ከጎኑ ተቀምጣ አሥር ጊዜ ደጋግማ አስነበበችው። አንዳንዶቹ አኩርፈው ቀሩ። እሷ ግን የተተቸችበትን ነገር ሳታስተካክል ሁለተኛ ሰው ፊት ላለመቆም ቆርጣ ነበር። ነቀፋን እንዲህ የሚቀበል ወጣት በማስተማር ዘመኔ ብዙ አላየሁም።

በግንቦት ጎርፍ መጣ። ወንዙ ሞልቶ የውሃ ቧንቧ በሚያልፍበት በኩል ስለፈሰሰ፣ የከብት እበት ከመጠጥ ውሃው ጋር ተደባለቀ። ሐሙስ ጠዋት የከተማው ጽሕፈት ቤት ሕዝቡ ውሃ ሳያፈላ እንዳይጠጣ አስታወቀ፤ በኢንተርኔት ገጹ ላይ አወጣው፣ ለእኛም ጣቢያ ነገረን። ኖኤላ ፕሮግራሙን ሁሉ ሰርዛ ማስታወቂያውን በየግማሽ ሰዓቱ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ታነብ ጀመር።

ቬልዳ በዚያው ጠዋት እንደ ልማዷ ከቧንቧው ቀድታ ሁለት ብርጭቆ ጠጣች። ዓርብም ጠጣች። ቅዳሜ መቆም አቅቷት በአምቡላንስ ሆስፒታል ገባች። ደልበርት ከሻይ በቀር ውሃ በአፉ ስለማያዞር እሱ ተረፈ።

ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ጭቃ በጨቀየ ቦት ጫማው ጣቢያችን ገባ። እኔ ሸክላዎቼን እየመረጥኩ ነበር። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ያም ይበልጥ አስፈራኝ።

«እህቴ አልጋ ላይ ናት» አለ። «ይኼ ግቢ ሁሉ ያውቅ ነበር። ዳቦ ቤቱ ያውቅ ነበር። ጉብታው ላይ ያለነው ሰዎች አይደለንም? አንድ ሰው መናገር አቃተው?»

ኖኤላ መጀመሪያ የጠየቀችው ቬልዳ እንዴት እንዳደረች ነው። ስለ ሐኪሞቹ፣ ስለ ግሉኮሱ አንድ በአንድ ጠይቃ፣ ጆሮዋን ሰጥታ ሰማችው። ከዚያ የሥርጭቱን መዝገብ ገልጣ ፊቱ አስቀመጠች። ሐሙስ አንድ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሁለት ሰዓት፤ እስከ ማታ ድረስ በእጅ ጽሑፍዋ ሃያ አራት ጊዜ ተመዝግቧል።

ደልበርት በጣቱ እየተከተለ እስከ መጨረሻው አነበበው።

«ተናግረን ነበር፣ ጋሽ ደልበርት» አለችው። «እናንተ ዘንድ አልደረሰም።»

እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ፖስታ ቤት የተናገረውን አስታውሰው ነበር። እሷ አላስታወሰችውም። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ራዲዮ ከመደርደሪያ አወረደችና፣ በመኪናው ጉብታው ድረስ እንዲወስደን ለመነችው። እምቢ ይላል ብዬ ስጠብቅ ቁልፉን አወጣ።

ሦስታችንም ተጣብበን ተቀመጥን። ራዲዮው በደልበርትና በእሷ መካከል ነበር። በዋናው መንገድ ላይ የአንድ ተማሪ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የትኞቹ ድልድዮች ገና እንደተዘጉ እያነበበ ነው። ያ የሚያንቀላፋው ልጅ መሆኑን ደልበርት አላወቀም። ዳቦ ቤቱን ስናልፍ ድምፁ መሻከር ጀመረ። ድልድዩ ላይ ግማሹ ቃል ጠፋ። ጉብታውን ወጥተን አናቱ ላይ ስንደርስ እንደገና ጥርት አለ። ወደ ወዲያኛው ቁልቁለት፣ ወደ ደልበርት ቤት ስንወርድ ግን እንደሚፈላ ዘይት ከመንጨርጨር በቀር ምንም የለም።

ደልበርት መኪናውን አቆመ። የጎረቤቶቹን ጣሪያዎች አየ። ከዚያ የኋላ ማርሽ አስገብቶ ድምፁ እስኪመለስ ወደ አናቱ ወጣ። ተመልሶም ወረደ። ይኼን ሦስት ጊዜ አደረገው። በመጨረሻ አናቱ ላይ ቆመና አጥሩ አጠገብ ከመኪናው ወረድን።

«እሺ ልበል እንበል» አለ ሜዳውን እያየ። «ስድቡ ይቀራል?»

«ልጆች በሚሰሙበት ሰዓት አይኖርም። ጽፌ እፈርማለሁ።»

«ድርቆሼ ሳይታጨድ ሜዳው አይረገጥም።»

«ከነሐሴ በፊት አንድ ሰው አይገባም።»

«ደግሞ የሚተላለፈውን አስቀድሜ አያለሁ። የማልወደው ይወጣል።»

ይኼን ያህል ከተጓዘች በኋላ እሺ ብትለው ማን ይፈርድባታል ብዬ አሰብኩ። እሷ ግን ለመመለስ አልቸኮለችም።

«እሱን አልሰጥዎትም፣ ጋሽ ደልበርት።»

«ሜዳው የኔ ነው።»

«ሜዳው የእርስዎ ነው። ድምፁ ግን የእርስዎ አይደለም፤ የኔም አይደለም። ዛሬ ለእርስዎ ብሰጥ ነገ ለዩኒቨርሲቲው አለቃ፣ ከነገ ወዲያ ለከንቲባው ልሰጥ ነው። አንድ ቀን ውሃው ሲበላሽ ‹ዝም በሉ፣ ስማችን ይጠፋል› የሚል ይመጣል፤ እኔም የወሬ መቁረጫውን መቀስ አስረክቤያለሁና ዝም እላለሁ። ያልወደዱት ነገር ካለ መጥተው ይናገሩበት፣ ይውቀሱን፤ ሰዓት እሰጥዎታለሁ። መቀሱን ግን አልሰጥዎትም።»

«ሜዳውን ብከለክልሽስ?»

«ሌላ ጉብታ እፈልጋለሁ። ካጣሁም ውሃ በተበላሸ ቁጥር መቶ አርባውን ቤት በብስክሌት እዞራለሁ። ያደክማል፤ ግን እግር አለኝ።»

ደልበርት፣ ቬልዳን ሳልጠይቅ መልስ የለኝም አለ። ይኼን ቃል ከእሱ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

በማግስቱ ሆስፒታል ተከትዬው ሄድኩ። ቬልዳ ከስታለች፤ አንደበቷ ግን አልከሳም። ነገሩን ሁሉ ከነገራት በኋላ «አባታችን ጉብታውን ለሁለታችን ነው የተወው» አለችው። «ደብዳቤው ሲመጣ ለምን አላነበብክልኝም?»

ደልበርት ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ወለሉን አየ። «እኔን ከሰው ያሳነሰኝ ውሃው አይደለም» ስትል ቀጠለች። «እኔ ማፍላት አያቅተኝም። ማንቆርቆሪያ አለኝ፣ ምድጃ አለኝ፣ ማገዶ አለኝ። ያጣሁት የሚነግረኝ ነው። አንተ ደግሞ ሊነግረኝ የመጣውን ከደጃፍ መለስከው። ክፋት አይደለም፣ አውቃለሁ። እኔን ሳትጠይቅ ለኔ የሚበጀውን አውቃለሁ ማለትህ ነው።»

«ተሳስቻለሁ» አለ ደልበርት። የተናገረው ይኼን ብቻ ነው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና፣ መምህር፣ ለልጅቷ ንገርልኝ፣ ነሐሴ ላይ ይምጡ፣ መቀሱንም ትያዘው አለኝ።

የአንቴናው ምሰሶ በነሐሴ መጨረሻ ቆመ። ጉድጓዱን የቆፈረው ራሱ ደልበርት ነው፤ የተማሪዎቹን የአካፋ አያያዝ ሲያይ ትዕግሥቱ አልቆ ነጠቃቸው። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ለአንባቢ መንገር ግዴታዬ ነው። መቶ አርባው ቤት ትምህርት ቤት የሚዘጋበትን ቀን ልጆቹን ብርድ ላይ ሳያቆም ያውቃል። አጥር ጥሶ የጠፋ ከብት በዚያው ቀን ባለቤቱ ይገኛል። የባሕር ዳር ሰዎች እሑድ ጠዋት በገዛ ፈረንሳይኛቸው አንድ ሰዓት አላቸው፤ የሚያዘጋጁትም ራሳቸው ናቸው። ተማሪዎቹም ከግቢያቸው አጥር ውጭ የሚሰማቸው ሰው እንዳለ ስላወቁ ሳይዘጋጁ መናገር ያፍራሉ። ቬልዳ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት የመንደሩን ማስታወቂያ ታነባለች። የታመመ ማን እንደሆነ፣ ጠያቂ የናፈቀው ማን እንደሆነ በስም ትጠራለች፤ አድማጭዋ ከኔ ቫዮሊን አድማጭ እጅግ ይበልጣል።

በጥር፣ አንድ ሐሙስ ቀትር ላይ፣ የሚዘንበው ዝናብ መሬት ሲነካ በረዶ ሆነ። ዛፉ ተሰበረ፣ የመብራት ሽቦው ተበጠሰ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የእጅ ስልክ ሁሉ ዝም አለ። ጣቢያውም የጉብታው አንቴናም በጄኔሬተር ይሠሩ ነበር። እኔና ኖኤላ፣ ማስታወቂያ አንብባ ወደ ቤት መመለስ ካቃታት ከቬልዳ ጋር፣ በምድር ቤቱ ነበርን። ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት የድሮ ስልኮች ብቻ ይሠራሉና፣ ኖኤላ ጉብታው ላይ ደወለች። ደልበርት አነሳ። እንዲናገር ጠየቀችው፣ እሺ አለ። መስመሩን ከሥርጭቱ ጋር አገናኝታ ማይክሮፎኑን ወደ ቬልዳ ገፋችው።

«ደልበርት፣ መንገዱ እንዴት ነው?» አለች ቬልዳ።

ከዚያ ያ ወፍራም ድምፅ በመቶ አርባው ቤት ባትሪ ራዲዮ ሁሉ ገባ።

«ደልበርት ትሪትስ ነኝ። መንገዱ መስተዋት ሆኗል፤ ማንም በእግሩ እንዳይወጣ። እንጨት ያላችሁ አንድዱ። ከዚህ ከመስኮቴ ሆኜ ጣሪያዎቻችሁን አያለሁ። ትራክተሬ ሰንሰለት ገብቶለታል፤ እንጨትና ሻይ ጭኛለሁ፤ አሁን እየወረድኩ ነው። ጭስ ከማይወጣበት ቤት እጀምራለሁ።»