ጥሩምባ ነፊው ሲጋራ ቢያቆሙ ሆዳቸው አመፀ

ጋሽ ጥሩምባ ከሱቁ መስኮት ፊት ቆመው «አንድ ፍሬ ሲጋራ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ከጀርባቸው «እንደምን ዋሉ አጎቴ» የሚል ድምፅ ሰሙ። ዘወር ቢሉ የወንድማቸው ልጅ ነጭ ጋዋኗን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ቆማለች። ልጅቷ ተምራ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ሆናለች። በዚያች ደቂቃ ከዘመድ አዝማድ ሁሉ ሊያገኙት የማይፈልጉት ሰው ቢኖር እሷ ነበረች።

«ክብሪት ስጠኝ» አሉት ባለሱቁን። ክብሪቱን ተቀብለው ኪሳቸው ሲከቱ እሷ በዓይኗ እስከ ኪሳቸው ድረስ ሸኘችው።

«ጥሩምባ» የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሥራቸው ነው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ በአንድ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ጥሩምባ ሲነፉ ስለኖሩ፣ እውነተኛ ስማቸውን ሚስታቸውም ረስታዋለች እየተባለ ይቀለድባቸዋል። ሲጋራውንም የለመዱት እዚያው ነው። በቅርቡ ታዲያ ልምምድ ላይ ረጅሙን ድምፅ እንደያዙ ሳል አቋረጣቸው። የጓዱ መሪ ጨዋ ሰው ነውና ለብቻቸው ጠርቶ፣ አዲሱ አዳራሽ ሲመረቅ ብቻቸውን የሚነፉትን ዜማ፣ ትንፋሻቸው ካልተመለሰ ለሌላ ሰው መስጠቱ እንደማይቀር አንገቱን ደፍቶ ነገራቸው። ጋሽ ጥሩምባ እንዲህ ያለ ቃል በጆሯቸው ሰምተው አያውቁም። የሲጋራውን ፓኮ በዚያው ዕለት ጨምድደው ጣሉ። ሳሉ ለቀቅ አደረጋቸው፣ ቤተሰቡም ተደሰተ። ደስታው ሳይበርድ ግን ሆዳቸው አመፀ።

ልጅቷ ክብሪቱን እንዳላየ ሰው ሆና ክንዳቸውን ያዘችና አውቶቡስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻቸው። ምን እንዳስቸገራቸው ጠየቀች። መጀመሪያ ምንም የለም አሉ። ቀጥለው ድካም ነው አሉ። የወንድም ልጅ ፊት ስለ መፀዳጃ ቤት ማውራት ለእሳቸው ሞት ነበር። ብዙዎቻችን እንዲህ ነን፤ ጥርሳችንን ሲያመን አገር ይሰማል፣ ሆዳችን ሲደርቅ ግን ብቻችንን እንሠቃያለን። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ከመደርደሪያው ጀርባ ቆማ የምትሰማው ይህንኑ እንደሆነ ነግራ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚወራ አድርጋ ስታወራ፣ እሳቸውም ቀስ በቀስ ተነፈሱ።

«ድሮ ማለዳ አንዷን ለኩሼ ሻዬን ፉት ስል ሆዴ ወዲያው ይታዘዘኝ ነበር» አሉ። «አሁን ቁጭ ብዬ ብጠብቅ፣ ብለምን፣ ወይ ፍንክች። ተነፋሁ። የመለያ ልብሴ ሱሪ አልቆለፍ ብሎ ሚስቴ ቁልፉን ወደ ዳር አዛወረችው። አየር ወደ ውስጥ ስስብ ሆዴ ከታች ገፍቶ ይመልስብኛል። እኔ ጥሩምባ ልንፋ ስል ሆዴ ራሱን ነፋ።»

«ታዲያ ሲጋራው ምን ሊያደርግልዎት ነው?»

«መድኃኒት ነዋ። ከበሮ መቺው ጓደኛዬም አንድ ብቻ አጭስ፣ ይከፈትልሃል ብሎኛል። ስሚኝ ልጄ፣ እናንተ የተማራችሁት ሲጋራ መርዝ ነው ትላላችሁ። ይሁን። ግን የእኔ አካል በእሱ ተገንብቷል። ከአሮጌ ቤት ላይ ምሰሶ ብትነቅዪ ቤቱ ይጸዳል ወይስ ይናዳል?»

ልጅቷ ትሟገተኛለች ብለው ሲጠብቁ እሷ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። «አንጀትዎን ሲጋራው ያነቃቃው እንደነበር እውነት ነው» አለች። «ኒኮቲን የሚባለው ነገር አንጀትን እየገፋ ያንቀሳቅሳል። እርስዎ ግን ምሰሶ ያሉት ነገር ጅራፍ ነበር። ዘመኑን ሁሉ በጅራፍ ሲነዳ የኖረ በሬ፣ ጅራፉ ሲቀርለት መጀመሪያ ቆም ይላል። ሞተ ማለት አይደለም፤ በራሱ መሄድ ረስቶ ነው። ለብዙ ሰው ጥቂት ሳምንት ይፈጃል፣ ከዚያ ይለምዳል።»

«እኔ ሳምንታት የለኝም። ምረቃው ደርሷል።»

«ዛሬ ቢያጨሱ ምናልባት ነገ ጠዋት ይቀልልዎት ይሆናል። ከነገ ወዲያስ? ሌላ ይፈልጋል። ሳሉም ተመልሶ ይመጣል። ሆድዎን ሊያሠሩ ሳንባዎን ይሸጣሉ፤ ጥሩምባው የሚነፋው ደግሞ በሳንባ ነው።»

ጋሽ ጥሩምባ ቶሎ ቶሎ መንጋጋቸውን አንቀሳቀሱ። እሷም ያንን መንጋጋ አየችና ምን እያኘኩ እንደሆነ ጠየቀች። ማስቲካ ነው፣ ሲጋራውን ከተውኩ ወዲህ ከአፌ ተለይቶ አያውቅም አሉ። ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። ማስቲካ ሲያኝኩ አየር አብሮ እንደሚዋጥ፣ መነፋቱ በከፊል ከዚያ ሳይሆን እንደማይቀር ነገረቻቸው። በትንፋሽ የሚያድር ሰው አየር ያለ ቦታው ሲገባ ቀኑን ሙሉ አለማወቁ ለራሳቸውም አስቂኝ ሆነባቸው። ማስቲካውን በወረቀት ጠቅልለው አወጡት።

«እንግዲህ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች። «ቃሩስ? ድሮ የሚያቃጥልዎት።»

ጋሽ ጥሩምባ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አኖሩ። ስንት ዓመት ሙሉ ደረታቸው እየነደደ፣ ትራስ ደራርበው፣ ቁጭ እንዳሉ ያህል ነበር የሚተኙት። ሰሞኑን አንደኛውን ትራስ ሚስታቸው ወስዳዋለች፤ እሳቸውም አልፈለጉትም። ቃሩ መቼ እንደተዋቸው ልብ አላሉም ነበር።

«ጠፍቷል» አሉ ራሳቸውም ተገርመው።

«ሲጋራ የጨጓራን አፍ ስለሚያላላ አሲዱ ወደ ላይ ይወጣል። አሁን አፉ መግጠም ጀምሯል። ሆድዎ አመፀ ይላሉ እንጂ አጎቴ፣ እኔ እንደማየው እየዳነ ነው።»

ይህች ቃል ከሙግቱ ሁሉ ይልቅ ልባቸው ውስጥ ገባች። ሰው የጎደለበትን ወዲያው ያውቃል፤ የተሻለለትን ግን ሌላ ሰው ካላሳየው ላያየው ይችላል።

ከዚያ ወዲያ ንግግራቸው ወደ ምክር ዞረ። ውኃ እንደማይጠጡ አመኑላት፤ ልምምድ መሃል ተነስቶ መውጣት ያሳፍራል ብለው ዘመናቸውን በጥማት ነው የኖሩት። ውኃ ካልጠጡ አንጀት ከየት አምጥቶ ያለሰልሳል አለቻቸው። ያልተፈተገ እህል ዳቦ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ፓፓያ እንዲበሉ፣ ባቄላውን ግን በአንዴ ሳያበዙ በጥቂቱ እንዲጨምሩ፣ በእግር እንዲሄዱ፣ ሆዳቸው ሲጠራቸው ቀጠሮ ሳይሰጡ እንዲነሱ መከረች። በዚህ ካልሆነ ከመድኃኒት ቤት የሚያለሰልስ ነገር እንዳለ ነገረች። ድምፅዋን ከበድ አድርጋም፣ ደም ካዩ፣ ካስመለሳቸው፣ ሕመሙ ከበረታ ወይም ያለ ምክንያት ከከሱ፣ ሲጋራ ስላቆምኩ ነው ብለው እንዳይቀመጡና በቀጥታ ሐኪም ዘንድ እንዲሄዱ አስጠነቀቀች።

ጋሽ ጥሩምባ ክብሪቱን አውጥተው ሰጧት። «እስከ ምረቃው እሞክረዋለሁ» አሉ። «ካልሆነ አንቺን ነው መድረክ ላይ የማወጣሽ።»

እንደ ቃላቸውም ሞከሩ። ጥሩምባቸውን በትከሻቸው አንግተው ወደ ልምምድ በእግር ይሄዱ ጀመር። የውኃ ኮዳ ከወንበራቸው ሥር አስቀመጡ፤ ከበሮ መቺው ዓሣ ሆንክ ወይ ብሎ ቢስቅባቸውም መጠጣታቸውን አላቆሙም። መጀመሪያ ላይ ባቄላ አብዝተው መነፋቱ ባሰባቸውና ለልጅቷ ደውለው ጮኹባት። እሷም ይቀንሱ፣ ግን አያቁሙ አለች። አንድ ሁለቴ እግራቸው ወደ ሱቁ መስኮት ሊታጠፍ ሲል የቃሩ ነገር ትዝ እያላቸው አለፉ።

ከዕለታት አንድ ቀን ማለዳ ሚስታቸው ሻይ እየቀዳች ሳለ ጋሽ ጥሩምባ ከመፀዳጃ ቤት ወጡ። ፊታቸው እንደ ሙሽራ ያበራል። አንድ ቃል ሳይናገሩ ጥሩምባቸውን ከማኅደሩ አውጥተው፣ መስኮቱን ከፍተው፣ የድል ዜማ ነፉ። ጎረቤት በየመስኮቱ ብቅ ብቅ አለ። ሚስታቸው የሻይ በራዱን አስቀምጣ «እሰይ፣ ተገላገልክልኝ» አለች፤ ምን ሆነ ብላ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ጎረቤቱ ግን ልጅ ተወልዶ መስሎት እንኳን ደስ ያላችሁ እያለ ዋለ።

ከዚያች ቀን ወዲያ ሆዳቸው መንገዱን አወቀ። የጓዱ መሪ በልምምድ ላይ ረጅሙን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከሰማ በኋላ ዜማው የእሳቸው መሆኑን በአንገቱ ንቅናቄ ብቻ አረጋገጠ።

በምረቃው ዕለት ከመድረክ ጀርባ ከበሮ መቺው ሲጋራውን ሊለኩስ ሲል ጋሽ ጥሩምባ እጁን ያዙት። ሙግቱን አሁን የያዙት በሌላው በኩል ሆነው ነበር። «አንተ ያቺን አንድ ፍሬ መድኃኒት አድርገህ ነገርከኝ» አሉት። «አልፈርድብህም፤ እኔም እንዳንተው አምን ነበር። አሁን ግን ምግብ ጣዕሙ ተመልሶልኛል፣ ካሮት እንኳ ጣፋጭ መሆኑን ያወቅሁት ገና ነው። ቃር የለኝም። ሆዴ ያለ ጉቦ ይሠራል። አስቸጋሪዎቹ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ማለፋቸውን የሚነግር ሰው አጥቶ ነው ብዙው ሰው የሚመለሰው። ይኸው እኔ እነግርሃለሁ። ኪሎ ጨምሬያለሁ፣ አልዋሽህም። እሱንም በእግሬ አወርደዋለሁ።»

ከበሮ መቺው ሲጋራውን ወደ ፓኮው መለሰ። ለዘለዓለም ነው አላለም፤ እሳቸውም አላስማሉትም። «ነገ አብረን በእግር እንሂድ» ብቻ አሉት።

አዳራሹ ሞልቷል። የወንድማቸው ልጅ መሃል ላይ ከአጎቷ ሚስት ጎን ተቀምጣለች። ጋሽ ጥሩምባ ብድግ ብለው፣ ሆዳቸው ድረስ አየር ስበው ረጅሙን ድምፅ ጀመሩት። ልጅቷ አብራቸው ትንፋሿን ያዘች። ድምፁ ወጣ፣ ቀጠነ፣ ደግሞ ሞላ፤ ከጣሪያው ሥር እንደ ብርሃን ተዘረጋ። ልጅቷ ፊቷ ቀላ፣ ትንፋሿን መያዝ ቢያቅታት ለቀቀችውና እንደገና ሳበች። አጎቷ ግን ገና አልጨረሱም ነበር።