የጋሼ ነገ የጥያቄ ክፍል

ሰው ያንኑ ጥያቄ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲጠየቅ እንዴት አይሰለቸውም? ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው የጋሼ ነገ የመጨረሻ ልጅ ባለቤት ዛሬም መልሱን አታውቀውም፤ አማቷ ሲሰለቹ ግን አንድም ቀን አላየችም።

ጋሼ ነገ እያልን የምንጠራቸው መምህር ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ተወለዱ። የእንግሊዝኛን ፊደል የለዩት በአባታቸው የስፌት መኪና ላይ ከተጻፈው ስም ሲሆን፣ ትምህርታቸውን ጨርሰው በማተሚያ ቤት አራሚነት ከተቀጠሩ በኋላ፣ መጽሐፍ ጠራዧን ባለቤታቸውን እዚያው አግኝተው ሦስት ልጆች ወለዱ፤ ከሥራ መልስም በግቢያቸው ባለች አንዲት ክፍል ጎልማሶችን እንግሊዝኛ ያስተምሩ ጀመር።

ደንባቸው ተማሪ ጥያቄውን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ሳጥን ውስጥ እንዲከት ነበር፤ እሳቸውም መልሱን ቢያውቁትም እንኳ መጽሐፍ ሳያዩ አይመልሱም። «ነገ!» ይላሉ። መካኒኩ ተማሪያቸው «ጋሼ፣ እኔም ለደንበኞቼ ነገ እላለሁ፤ የእርስዎ ግን ይመጣል» እያለ ያስቃቸው ነበር። «ሲንስ» መቼ ይባላል፣ «ፎር» መቼ፤ «ሜክ»ና «ዱ»ን ምን ለያቸው፤ አዲስ የመጣ ሁሉ ያንኑ ይጠይቃል፣ እሳቸውም መጽሐፉን እንደ አዲስ ይገልጣሉ።

አንዴ ብቻ ቸኩለው፣ «ኢንፎርሜሽን»፣ መረጃ ማለት የሆነው የእንግሊዝኛ ቃል፣ ሲበዛ መጨረሻው ላይ «ኤስ» ይጨመርበታል አሉ። በማግስቱ ቃሉ «ኤስ» እንደማይወስድ ከመጽሐፍ ሲያዩ፣ አሥራ ዘጠኙን ተማሪዎች ዳቦ ቤት፣ ጋራዥ፣ ግንባታ ቦታ ድረስ በእግራቸው ሄደው «ተሳስቼ አሳስቻችኋለሁ» አሏቸው። ጥበቃ የሚሠራው ተማሪ ቃሉን በሥራ ማመልከቻው ላይ ጽፎት ስለነበር፣ ከሚጠብቀው በር ሥር አብረው ተቀምጠው ማመልከቻውን እንደገና ጻፉት።

ይህን የጻፈችው ምራታቸው ትምህርቷን አራተኛ ክፍል ላይ አቋርጣ፣ የልጇን የመድኃኒት ጠርሙስ ማንበብ አቅቷት ስትጨነቅ፣ ፊት ወንበር ላይ ያስቀመጧት እሳቸው ናቸው። ሳንባቸው ታሞ ድምፃቸው በደከመባቸው ስምንት ወራት ወረቀቶቹን ታነብላቸው፣ መልሱንም ትጽፍላቸው ነበር። ባለፈው ሳምንት የክፍሉን ቁልፍ በእጇ አስይዘው «ሰኞ አንቺ ክፈቺው፣ ልጄ» አሏት፤ ትናንት ጠዋትም በሰባ አንድ ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ቁጥሩ የማይታወቅ ተማሪ ትተዋል። ለሰው የደከሙትን ድካም ፈጣሪ ቆጥሮ፣ ነፍሳቸውን በዕረፍት ቦታ ያኑርልን።

ሰኞ ክፍሉ ይከፈታል፤ በዚህስ ምራታቸው አትጠራጠርም። በሳጥኑ ከቀሩት ስድስት ጥያቄዎች የአምስቱን መልስ ከመጻሕፍታቸው አግኝታለች፤ የስድስተኛውን ግን ፈልጋ አጣችው። እናንተ የተማራችሁ፣ ያስተማራችሁም፣ እባካችሁ ምከሯት፤ በመጀመሪያ ቀኗ ተማሪ ፊት ቆማ «አላውቅም» ብትል፣ በማግስቱ የሚመጣላት ይኖራል?