ሰባት ዓመት ወደ ኋላ የቀረች ኮምፒውተር

ፍርድ ቤት በር ላይ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፤ ራፖር ጻፊዋ እትዬ ትርንጎና ማተሚያውን ተሸክሞ ኮምፒውተሯን ሊጠግን የመጣው ሞላልኝ።

ትርንጎ፦ አልኩህ እኮ፣ ፕሮግራሙን በፍላሽ አምጥተህ ጫንልኝ! ሰው ሁሉ በፍላሽ ነው የሚጭነው። አንተ ብቻ ነህ ሰማይ ለሰማይ የምትዞር።

ሞላልኝ፦ እትዬ ትርንጎ፣ ያኔ በፍላሽ ሲያስጭኑ ምን አተረፉ? ቫይረስ! ራፖር ሲጽፉ ፊደሉ ብቻውን ይሮጥ ነበር። ቫይረስ የማይደፍረውን ሊኑክስ የጫንኩልዎት ለዚህ አይደል?

ትርንጎ፦ ያኔ ይሮጥ ነበር፣ አሁን ተገትሮ ቀረ! ጠበቃው ይግባኜን ጽፎ ላከልኝ፤ ሌላ ሰው እንዳያየው ቆልፎ። የይለፍ ቃሉን አስገባሁ፤ አይከፈትም አለኝ።

ሞላልኝ፦ ጠበቃው በአዲሱ ፕሮግራም ነዋ የቆለፈው። የእርስዎ መጻፊያ አሮጌ ነው፤ አዲሱን አቆላለፍ አያውቀውም።

ትርንጎ፦ እንግዲያ አዲሱን ጫንልኛ! መዝገብ ቤቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። የይግባኙ ስልሳ ቀን ዛሬ ነው የሚያልቀው። ዛሬ ካላስገባሁ ይቺ ሱቅ ትፈርሳለች። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው አቤቱታ የጻፍኩባት ሱቅ!

ሞላልኝ፦ የሰውን ሲጽፉ ኖረው የራስዎን ለጠበቃ?

ትርንጎ፦ ቄስ ራሱን ይናዝዛል?

ሞላልኝ፦ ይደውሉለትና ሳይቆልፍ ይላክልዎ።

ትርንጎ፦ ችሎት ገብቷል፤ ስልኩ ዝግ ነው።

ሞላልኝ፦ በቃ ማዶ ማተሚያ ያለው ዘርጋው ቤት ሄደን ከፍተን እናትመዋ።

ትርንጎ፦ የዘርጋው ምላስ ከማተሚያው ይፈጥናል! ቀለሙ ሳይደርቅ ባለጋራዬ ጆሮ ይገባል።

ሞላልኝ፦ ባለጋራዎ ግን ማነው?

ትርንጎ፦ የጠራሁህ ለኮምፒውተር ነው ለምስክርነት?

ሞላልኝ፦ እሺ፣ እሺ፣ አይቆጡ። ሊኑክስ እቃውን የሚያመጣው ከሪፖ ነው።

ትርንጎ፦ ሪፖ ደግሞ ማነው?

ሞላልኝ፦ ኢንተርኔት ላይ ያለ ግምጃ ቤት ይበሉት። ፕሮግራሙ ሁሉ ማኅተም ተመትቶበት ተደርድሯል። ይቺ ማሽን "ይሄን ስጡኝ" ትላለች፤ ከነጓዙ ይሰጧታል።

ትርንጎ፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ፍላሽ በእጅ ነው።

ሞላልኝ፦ በፍላሽ የመጣ ብቻውን አይገባም እኮ። ልጭነው ስል "እገሌ ካልመጣ" ይላል። እገሌን ሳመጣለት "የእገሌ አጎትስ?" ይላል። ሚዜው ያልሞላለት ሙሽራ ነው፣ ደጅ ቆሞ ይቀራል። ሪፖው ግን ሚዜውንም አጃቢውንም ጭኖ ይልካል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው!

ትርንጎ፦ ይሄ ሁሉ ካለው ለምን አሮጌ ሰጠኝ?

ሞላልኝ፦ የሊኑክሱ የራሱ ግምጃ ቤት ጠንቃቃ ነው፤ ተፈትኖ የከረመውን እንጂ ትኩሱን አይሰጥም። ትኩሱን የሚሠሩት ሰዎች ደግሞ የራሳቸው ሪፖ አላቸው። አሁን የሱን አድራሻ ጨመርኩላት፤ ማኅተማቸውንም አስተዋወቅኋት።

ትርንጎ፦ ማኅተሙ ፎርጅድ ቢሆንስ? እዚህ በር ላይ ስንት ዓይነት ቲተር አይቻለሁ መሰለህ!

ሞላልኝ፦ ለዚያ እኮ ነው ማሽኗ የምታመሳክረው። ካልገጠመላት አታስገባውም። የፍላሹን ማን አመሳክሮ ያውቃል?

ትርንጎ፦ እሱስ... ይሁን። ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?

ሞላልኝ፦ አዘዝኳት። የስልኬን ዳታም ከፍቼላታለሁ። አሁን የግምጃ ቤቱን ዝርዝር ታነብና... እንዴ!

ትርንጎ፦ ምን ሆነች?

ሞላልኝ፦ እምቢ አለች።

ትርንጎ፦ ሺ ቢታለብ ያው በገሌ!

ሞላልኝ፦ "ዝርዝሩ ገና አልጸናም፣ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ምናምን ቀን ይቀረዋል" ነው የምትለው።

ትርንጎ፦ ሁለት ሺህ ቀን! እኔ የቀረኝ አንድ ሰዓት ተኩል ነው!

ሞላልኝ፦ ቆይ፣ ቆይ... ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ቀን ማለት... ሰባት ዓመት ከምናምን። እትዬ! ሰዓቷን ማን ነካት?

ትርንጎ፦ የምን ሰዓት?

ሞላልኝ፦ የኮምፒውተሯን ነዋ! ባለፈው ወር አስተካክዬ ሄድኩ፤ ከዚያ በፊትም አስተካክያለሁ። ይኸው ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሄዳ ቁጭ ብላለች።

ትርንጎ፦ ባትሪዋ ደክሞ ይሆናላ።

ሞላልኝ፦ የደከመ ባትሪ ቆጥሮ ቆጥሮ የሐበሻ ዓመት ላይ ይቆማል? ሰዓቷ ራሱ የፈረንጁን ሦስት ተኩል ትቶ ዘጠኝ ተኩል ነው የሚለው!

ትርንጎ፦ ዘጠኝ ተኩል አይደለም እንዴ?

ሞላልኝ፦ አሃ! እርስዎ ነዎት! ራሷ እንዳታስተካክለው እንኳ ማስተካከያዋን አጥፍተውባታል!

ትርንጎ፦ አዎ እኔ ነኝ፣ ምን ይጠበስ! አንተ እየመጣህ ፈረንጅ ታደርጋታለህ፣ እኔ እመልሳታለሁ። ራፖሩ ሥር ቀኑን የምታትመው እሷ ናት። አንዴ አንዱ ባላገር ቀኑን አነበበና "እትዬ፣ የምትከሺልኝ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው እንዴ?" ብሎ አሳቀብኝ።

ሞላልኝ፦ ጳጉሜንስ ምን አደረጓት? ማሽኗ አሥራ ሦስተኛ ወር የላትም።

ትርንጎ፦ በጳጉሜ ፍርድ ቤቱም እረፍት ነው፤ እኔም ዘግቼ እተኛለሁ። ያስቸገረኝ ጥቅምት ነው። ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ የሚባል የለም ትለኛለች። ሁለቱን ቀን በእስክሪብቶ እሞላለሁ።

ሞላልኝ፦ በስመ አብ! ሁለተኛው ወር ለእሷ ፌብሩዋሪ ነዋ! እኔ ደግሞ ማሽኗ ታማለች ብዬ ሳስታምማት!

ትርንጎ፦ የኔ ቀን ግምጃ ቤቱን ምን አገባው?

ሞላልኝ፦ ልጠይቅዎት እስቲ። ቀኑ ያለፈበትን ይግባኝ ይቀበላሉ?

ትርንጎ፦ ዞር በል ነው የሚሉህ።

ሞላልኝ፦ ከሰባት ዓመት በኋላ የሚፈረድ ፍርድ ላይስ ዛሬ ይግባኝ ይባላል?

ትርንጎ፦ ባልተፈረደ ነገር ላይ ምን ብዬ?

ሞላልኝ፦ እሷም ይህንኑ ነው የምትለው! የግምጃ ቤቱ ዝርዝር ላይ የትናንት ቀን አለ፤ በእርስዎ ሰዓት ደግሞ ያ ትናንት ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል። "ይሄ ወረቀት ካልደረሰ ዘመን መጥቷል፣ አላምነውም" ብላ መለሰችው። በእርስዎ ወጣች እኮ!

ትርንጎ፦ እንዲህ ከሆነስ ልጅቷ ልክ ናት።

ሞላልኝ፦ ልቀይረዋ?

ትርንጎ፦ ለዛሬ ብቻ! ነገ ጠዋት እመልሳታለሁ።

ሞላልኝ፦ ነገ ከፈለጉ ጣልያን ያድርጓት! ይኸው፣ ቀኗ ሲስተካከል ዝርዝሩን ተቀበለች። እየወረደ ነው። ሃያ... ሠላሳ በመቶ...

ትርንጎ፦ በይ የኔ እናት፣ በይ! በርቺ!

ሞላልኝ፦ ለማሽን "የኔ እናት"፣ ለእኔ ቁጣ።

ትርንጎ፦ እሷ ስትታዘዝ አትመልስማ።

ሞላልኝ፦ ሰባ... ዘጠና... ገባች! አዲሱ ተጭኗል። የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ፤ አላይም፣ ዞሬያለሁ።

ትርንጎ፦ ተከፈተ! እልልል! አሥር ሰዓት ከሩብ ሆኗል፤ ቶሎ በል፣ ሦስት ኮፒ አትምልኝ።

ሞላልኝ፦ ሦስት ኮፒ። "ይግባኝ ባይ፦ ወይዘሮ ትርንጎ አየነው። መልስ ሰጪ፦ አቶ ቢምረው ዋሴ..." እትዬ?

ትርንጎ፦ ምነው እጅህ ደረቀ?

ሞላልኝ፦ ቢምረው ዋሴ... ባለ ወፍጮው?

ትርንጎ፦ እዚህ ከተማ ሌላ ቢምረው አለ? የሱቁ ቦታ የአባቴ ነው ብሎ አስፈርዶብኛል።

ሞላልኝ፦ የሰርክዓለም አባት ናቸው እኮ! እሑድ ሽማግሌ ልልክባቸው ነው! ይሄን ያተምኩት እኔ መሆኔን ከሰሙ ልጃቸውን ለወፍጮው ዘበኛ ይድሯታል እንጂ ለእኔ አይሰጧትም!

ትርንጎ፦ ለዚህ ነዋ ስትጠይቀኝ ሳልነግርህ የቀረሁት።

ሞላልኝ፦ አውቀው ነው የጠሩኝ!

ትርንጎ፦ ሌላ ሊኑክስ የሚያውቅ አለ? አትም ይልቅ!

ሞላልኝ፦ አልችልም። ማተሚያው የራሴ ነው፤ ይኸው ገመዱን ነቀልኩ። ይማሩኝ እትዬ፣ ሱቅ ቢፈርስ ተመልሶ ይሠራል።

ትርንጎ፦ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ? የት ሄጄ ልጻፍ፣ መንገድ ዳር ጃንጥላ ይዤ?

ሞላልኝ፦ እኔስ? ሽማግሌዎቹን ለምኜ ያገኘኋቸው በስንት መከራ ነው! እሺ አባትየው ይቅሩ፤ ሰርክዓለም ራሷስ ምን ትለኛለች? "አባቴ ላይ ወረቀት ያተምክ" ብላ ዓይኔን ታየዋለች?

ትርንጎ፦ ሰርክዓለም ራሷ "የእናቴን ውርስ ከለከለኝ" ብላ አባቷን የከሰሰችበትን ራፖር ማክሰኞ ዕለት እዚሁ ወንበር ላይ አስቀምጬ የጻፍኩላት እኔ ነኝ፤ ገመዱን ሰካው!