የማይነካው ሳጥን

ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ወጣት የሕንፃ ንድፍ ሠሪ ዳቦዋን ታቅፋ ደረጃውን ስትወጣ፣ የሁለተኛው ፎቅ ጎረቤቷ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘችው። ጡረታ የወጡት የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ስልካቸውን እንደ ፋኖስ ከፍ አድርገው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ግራውን ነው ያለችው! ግራውን!» ብለው ወደ ውስጥ ጮኹ።

«ግራውን እኮ አንስቼ ጨረስኩ! አሁን የቱን ላንሳ? ሦስተኛ እግር አላበቀልኩ!» አለ ከውስጠኛው ክፍል የሴት ድምፅ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የሬጅስትራሩ ባለቤት ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ነበር። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት በቪዲዮ ጥሪ እያየቻቸው እግራቸውን እንዲያፍታቱ ታዘዘላቸው። የኢንተርኔት ድርጅቱ የተከለው ሳጥን ግን ያለው መግቢያው በር አጠገብ ነው፤ ታማሚዋ የተኙት ደግሞ ከሁለት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ወዲያ። ዋይፋዩ እዚያ እስኪደርስ ነፍሱ ትወጣለች። ስለዚህ ሬጅስትራሩ በር ላይ ትእዛዝ ይቀበላሉ፣ ሮጠው ያደርሳሉ፣ መልስ ይዘው ሲመለሱ ባለሙያዋ ሌላ ልምምድ ጀምራለች።

ወጣቷ ትዕግሥቷ አለቀ። «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ይህን ነገር ነግሬዎት ነበር እኮ።»

«ደኅና ዋልሽ ልጄ። ነግረሽኛል፤ እኔም መልሼልሻለሁ።»

«ምን ብለው?»

«የሰው ዕቃ አይነካም ብዬ!»

«ዕቃውን ማን ይንካ አለ? ሳጥኑ እዚያው ባለበት ይቀመጣል። መስመሩን ከውጭ የሚቀበለው እሱ ነው። እኛ የራስዎን ራውተር፣ ዋይፋይ የሚያሰራጨውን ዕቃ፣ ገዝተን በገመድ እንቀጥልለትና መኝታ ቤቱ በር ጋ እናስቀምጣለን። ዋይፋዩን ከዚያ ያገኙታል።»

«አንድ መዝገብ በሁለት ችሎት አይታይም። ሁለት ሳጥን በአንድ ቤት ከገባ ይጣላሉ።»

ወጣቷ ዳቦዋን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች። «ጋሼ፣ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ቧንቧውን እስከ ቤትዎ ያመጣል። ባልዲውን የሚገዛው ማነው?»

«እኔ።»

«ባልዲው የራስዎ ስለሆነ ውሃ ተከልክለው ያውቃሉ?»

«ውሃማ ያለ ባልዲም ይጠፋል!» አሉ ሬጅስትራሩ፤ ቀልድ መሆኑ ሳይታወቃቸው። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይሁን፤ አንቺ እንዳልሽው ቀጠልነው እንበል። ነገ ቢበላሽ ድርጅቱ "ይህ የኛ አይደለም" ይለኛል፤ አንቺ ሥራሽ ላይ ነሽ፤ እኔ የማንን እጅ ልያዝ?»

እዚህ ላይ ሽማግሌው እውነት ነበራቸው፤ እሷም እውነታቸውን አልነፈገቻቸውም። «ልክ ብለዋል፤ የእርስዎን ራውተር እነሱ አይጠግኑም። ግን ኢንተርኔት በጠፋ ጊዜ ላፕቶፕ በገመድ በቀጥታ ከሳጥኑ ጋር ያገናኙት። እዚያ ካለ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ እዚያም ከሌለ የእነሱ ነውና አፍዎን ሞልተው ይደውላሉ። ደግሞ አላታልልዎትም፤ ራውተሩ የከፈሉበትን ፍጥነት አይጨምርም። ያለውን እስከ አልጋው ያደርሳል እንጂ።»

«እንግዲያው ከሳጥኑ ባለቤት አፍ ልስማ» ብለው ድርጅቱ ዘንድ ደወሉ። ሙዚቃ ተዘፈነላቸው። እንደገና ተዘፈነላቸው። ስንቱን ባለጉዳይ «ሳምንት ተመለስ» ሲሉ የኖሩት ሰው፣ ተራ መጠበቅ በእሳቸው ሲደርስ ጆሯቸው ቀላ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ አነሳች።

«ሳጥኑን አጥፍተው ያብሩት።»

«ልጄ፣ ሳጥኑ ደኅና ነው። የምጠይቅሽ የራሴን ራውተር...»

«አጥፍተው አብርተውታል?»

«የራሴን ራውተር መቀጠል እችላለሁ ወይ ነው የምልሽ!»

«ይችላሉ። እሱን ግን እኛ አንጠግንም።»

«ይህችን ለማለት ነው ያን ሁሉ ዘፈን ያዘፈንሽብኝ?» ብለው ስልኩን ዘጉት።

በማግስቱ ራውተር ገዙ። ወጣቷ ገመዱን በግድግዳው ግርጌ አስጠግታ እስከ መኝታ ቤቱ በር ዘረጋች፤ ስልኮች ወደ ደካማው እንዳይሳቡ የሳጥኑን ዋይፋይ አጠፋች፤ አዲሱን አበራች። መብራቱ ቦግ አለ፤ ኢንተርኔት ግን የለም።

«ቀድሞ በር ላይ እንኳ ይገኝ ነበር። አሁን ከናካቴው አባረራችሁት?» አሉ ታማሚዋ ከአልጋቸው።

ሬጅስትራሩ ክንዳቸውን አጣምረው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ወጣቷ በእሳቸው ላይ የነበራት ብስጭት ዞሮ ራሷ ላይ ወጣ። መሬት ላይ ቁጭ ብላ የሁለቱን ዕቃዎች ቅንብር ስታስተያይ ቆየችና በመዳፏ ግንባሯን መታች።

«ጋሼ፣ በአንድ ነገር ረትተውኛል፤ እውነትም ተጣልተዋል! ሁለቱም ከፋብሪካ አንድ ዓይነት አድራሻ ይዘው ነው የወጡት። ሁለት ቤት አንድ ቁጥር ሲኖረው ደብዳቤው የት ይደርሳል?»

የአዲሱን አድራሻ ለወጠችው፤ መንገዱም ተከፈተ። የይለፍ ቃሉንም ቀየረች፤ ፋብሪካው የሰጠውን ቃል ማንም ሊያውቀው ይችላልና።

ፊዚዮቴራፒስቷ ስትደውል ስልኩ አልጋው አጠገብ፣ ወንበር ላይ ተደግፎ ነበር። «እማማ! ፊትዎን ዛሬ ገና አየሁት!» አለች።

ታማሚዋ ባላቸውን ዞር ብለው አዩዋቸው። «በል አንተ፣ በሩን ዝጋልኝ።»

ሬጅስትራሩ ወጥተው ዘጉት። በእጃቸው ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው ከወጣቷ ጋር ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። በሩ ስስ ነበርና ድምፁ ተሰማ።

«ዳሌዬን ያመኛል ስልሽ የከረምኩት ውሸት ነው ልጄ። ሕመሙስ ቀሏል። መቆም ነው የምፈራው። እግሬ መሬት ሲነካ እንደገና የምወድቅ ይመስለኛል። ይህን በሱ አፍ ልልክልሽ አልቻልኩም፤ ደንግጦ ይሞትብኛል።»

«እንኳን ነገሩኝ። እንዲህ ከሆነማ እግር ማንሳቱን እናቆየውና መቆምን እንለማመዳለን።»

ሬጅስትራሩ ከበሩ ራቅ አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ። «ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቃል ሳይጎድል እንዲጻፍ ስቆጣጠር ኖሬ፣ የሚስቴን ቃል አጉድዬ ሳደርስ ከረምኩ። እኔ ሳጥኑን ስጠብቅ እሷን ማን ይጠብቅ ነበር? ልጄ፣ ተረትቻለሁ።»

ወጣቷም በልቧ ብዙ ተማርራባቸው ነበርና አፈረች።

አንባቢ ሆይ፣ የሰውን ንብረት ማክበር መልካም ነው። ነገር ግን አገልግሎት የሚሰጠን ሰው ሥራውን ደጃችን ላይ ሲያቆም፣ የቀረውን ወደ ቤታችን ማስገባት የራሳችን ፈንታ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ጠይቆ፣ ፈቃዱን ሰምቶ፣ ጥፋት የማን እንደሆነ መለየትን ተምሮ የራሱን ዕቃ ይተክላል። ቢከሽፍበትም ዳግም ይሞክራል። ያኔ ሠራተኛው በየክፍሉ ይሠራል፣ ተማሪው ይማራል፣ ታማሚም ያለ አስተርጓሚ ሕመሙን በገዛ አፉ ይናገራል።

ከበሩ ወዲያ ወንበር ሲጎተት ተሰማ።

«አንተ! ግባና ወንበሩን አጥብቀህ ያዝልኝ» አሉ ሴትየዋ። «ልቆም ነው።»